በመሰላል ስም ከበር ስለወጣው የቁስል ማሽን

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የንብረት ጥበቃና ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም እንዳይጠፋ ከጠረጴዛዎ እግር ጋር በሰንሰለት ለታሰረው እስክሪብቶዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎ እንዳይዝል፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ ምኞቴ ነው። እኛ ደህና ነን። በተለይ የእህቴ ቀኝ እግር ደህና ነው። እንዴት ደህና ሊሆን እንደቻለ ግን ክፍልዎ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

በጋዜጣ የምጽፍልዎ በአካል ላገኝዎት ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። አምስት ጊዜ መጥቼ አምስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ብላኛለች። በአራተኛው ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ስብሰባውን አየሁት፤ ብቻዎን ተቀምጠው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ አገጭዎን ደረትዎ ላይ አሳርፈው ከባድ አጀንዳ እየተመለከቱ ነበር። ላቋርጥዎ ስላልደፈርኩ በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ ተመለስኩ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እህቴ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናዋም በእግር የሚረገጥ ነው። ከስምንት ወር በፊት የመርገጫው ብረት ቅልጥሟን ገጨት አደረጋትና ባቄላ የምታህል ውሃ የቋጠረች እብጠት ወጣችባት፤ ፈነዳችና ቁስል ሆነች። በሰፈራችን ያለው ክሊኒክ "ቆሽሿል" ብሎ ፋቀው፤ በሳምንቱ ሰፋ። "በደንብ አልተፋቀም ማለት ነው" ብሎ ደገመው፤ እጥፍ ሆነ። ከሦስተኛው ፍቆ ማጽዳት በኋላ ቁስሉ መዳፍ አከለ፣ ዳር ዳሩ ወይን ጠጅ ሆነ፣ እትዬም የአንሶላ ጫፍ እንኳ ሲነካት ትጮህ ጀመር።

በእርስዎ ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት የቆዳ ሐኪም ግን ቁስሉን ስታየው እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች። "ይኼ ቁስል ቆሻሻ የለበትም፤ የተቆጣ ቁስል ነው" አለችን። "ሰውነትን የሚጠብቁት ዘበኞች ናቸው ተሳስተው የገዛ ቆዳዋን የሚያጠቁት። በነካካነው ቁጥር 'ጠላት መጣ' እያሉ ይብስባቸዋል። መጀመሪያ በክኒን እናበርዳቸዋለን፣ ከዚያ ቁስሉን ሳናስቆጣው ቀስ ብለን እንመጠዋለን።" እትዬ እንቢ ካለስ ብላ ጠየቀች። ዶክተሯ ቁስሉ እየጠለቀ ሄዶ አጥንት ጋ ከደረሰ ስለ እግሩ ሌላ ወሬ ማውራታችን እንደማይቀር ነገረቻት። እትዬም "ዶክተር፣ የኔ መኪና ሁለት እግር ነው የሚፈልገው" አለቻት። ክቡር ሆይ፣ የዚህ ደብዳቤ ፍሬ ነገር ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ የቀረው ሁሉ የእርስዎ ክፍል አስተዋጽኦ ነው።

ክኒኑ ቁጣውን ካበረደው በኋላ እትዬ ተኝታ ማሽኑ ተገጠመላት። እርስዎ የሚያውቁት በመለያ ቁጥሩ ብቻ ስለሆነ እንዳስተዋውቅዎ ይፍቀዱልኝ። የምሳ ዕቃ የሚያህል ነው። ቁስሉ ላይ የማይጣበቅ ስስ መረብ ይነጠፋል፣ ከላዩ በቁስሉ ቅርጽ የተቆረጠ ስፖንጅ ይቀመጣል፣ ሁሉም በግልጽ ፕላስተር ይታሸጋል፤ ከዚያ ማሽኑ በቀጭን ቱቦ አየሩንና ፈሳሹን በዝግታ እየሳበ እብጠቱን ያጎድላል፣ የቁስሉንም ዳርና ዳር ያቀራርባል። ሥራው ቀንም ሌትም አይቋረጥም፤ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ቢያርፍ ነው። ከዚያ ካለፈ ፈሳሹ እዚያው ያቁራልና ስፖንጁ መነሳት አለበት፤ ስፖንጅ ማንሳት ደግሞ የተቆጣን ቁስል እንደገና ማስቆጣት ነው። ስለዚህ የሚቀየረው በሦስት ቀን አንዴ ነበር። እትዬ ማሽኑን "ምራቴ" ብላ ሰየመችው። "ቀኑን ሙሉ ታጉረመርማለች፣ ሥራዋን ግን አታቋርጥም" ትላለች።

ዶክተሯ ስፖንጁ በተቀየረ ቁጥር ቁስሉ ላይ ግልጽ ላስቲክ አድርጋ ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ ትከተላለች። በአሥራ ሁለት ቀን አራት ላስቲክ ተሠራ። ሲደራረቡ እያንዳንዱ መስመር ከበፊተኛው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይታያል። ዶክተሯ ደስ ብሏት "ከእንግዲህ ቤትዎ ሆነው ይቀጥሉ፣ ማሽኑ በትከሻ የሚንጠለጠል ነው" አለች። አልጋውም ለሌላ ታካሚ ተፈለገ። እነሆ ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፦ ስለ በር ጥበቃዎ አመሰግናለሁ። እትዬ ምራቷን በትከሻዋ አንግታ፣ እኔን ተደግፋ በሩ ጋ ስትደርስ ጥበቃው በታላቅ ትህትና ከወንበሩ ተነስቶ "እናቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት! እርስዎ ይለፉ፣ ዕቃው ይቅር" አላት። ዕቃው ከእግሯ ጋር የተያያዘ መሆኑን ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አሳየችው። ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ተከተለና "ተቸገርኩ እኮ፤ እግሩም ይቅር አልል ነገር" አለ። እትዬም "ልጄ፣ እኔም ያለ እሱ ሩቅ አልሄድም" አለችው። ተሳሳቁና ወደ ግምጃ ቤት መለሰን።

ሁለተኛ፦ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። የግምጃ ቤት ሠራተኛዎ በሆስፒታሉ ውስጥ አንድ የመውጫ ቅጽ ብቻ እንዳለ፣ እርሱንም ከዓመታት በፊት አንድ መሰላል ወጥቶ በዚያው በመቅረቱ እርስዎ ራስዎ በእጅዎ እንዳረቀቁት፣ ከዚያ ወዲህም አንድም መሰላል እንዳልጠፋ በኩራት ገለጸልኝ። ስለዚህ በቅጹ ላይ "የዕቃው ዓይነት" ከሚለው ጎን "መሰላል" የሚለው ቃል አስቀድሞ ታትሞበታል። "ይኼ እኮ ማሽን ነው" ስለው፣ "ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ ቅጹ ሁሉንም ያስተናግዳል" አለኝና መሙላት ጀመረ። ርዝመት በሜትር፦ ዜሮ ነጥብ ሃያ ሁለት። የእርከን ብዛት፦ ለጊዜው የለውም። የሚያስፈልግበት ምክንያት፣ ለመውጣት ወይስ ለመውረድ? እዚህ ጋ እስክሪብቶውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አሰበና፣ "ዶክተሯ እብጠቱን ያወርዳል ብላለች" ብሎ "ለመውረድ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። በሥራዬ ብዙ ጠንቃቃ ሰው አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

ሦስተኛ፦ ከቅጹ ግርጌ በወፍራም ፊደል ስለተጻፈው ትእዛዝ አመሰግናለሁ፤ "ዕቃው በወጣበት ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ይመለሳል" ይላል። ለመሰላል እጅግ ተገቢ ነው፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ጣሪያ ላይ መውጣት አደጋ አለው። እኛም ሕግ አክባሪዎች ስለሆንን ፈጸምነው። ከሰዓት በኋላ ታክሲ ይዘን እንመጣለን፣ ፕላስተሩ ይላጣል፣ ስፖንጁ ይነሳል፣ ማሽኑ ግምጃ ቤት ገብቶ በሰላም ያድራል፤ በነጋታው ጠዋት አዲስ ስፖንጅ፣ አዲስ ፕላስተር፣ አዲስ የመሰላል ቅጽ። በሦስት ቀን አንዴ ይነካ የነበረው ቁስል በቀን ሁለቴ ተነካ። ፕላስተሩ ሲላጥ እትዬ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ጠቅልላ በጥርሷ ትነክሳለች። በሦስተኛው ቀን ዶክተሯ ላስቲኳን አምጥታ ስትለካ አዲሱ መስመር ከቀድሞው በጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ ተገኘ፤ ዳሩም ወደ ወይን ጠጅነቱ መመለስ ጀመረ። ዶክተሯ እዚያው ቁጭ ብላ፣ ማሽኑ ሌት ተቀን ካልሠራ እግሩ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ በሁለት ገጽ ለእርስዎ ጻፈች። መልስዎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለደረሰን ለቅልጥፍናዎ ምስጋናችን የላቀ ነው። በቀይ እስክሪብቶ "በቅጹ መሠረት ይፈጸም" ይላል።

አራተኛውን ምስጋና ጽፌው ነበር። እትዬ አንብባ "ይኼማ ስድብ ነው፣ ሰውዬው ቤተሰብ ይኖረዋል" ብላ በመቀሷ ቆርጣ አውጥታዋለች። ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁና ደስ እንዳለዎት ይሙሉት።

አምስተኛ፦ ቅጹ በግልጽ የእጅ ጽሑፍ ስለተሞላ አመሰግናለሁ፤ እግሩን ያተረፈው ይህ ነውና። በግቢያችን አንድ ቀለም ቀቢ ይኖራል። የሱቅ ማስታወቂያም ስለሚጽፍ ፊደል ያለበት ነገር ካየ ከላይ እስከ ታች ሳያነብ አያልፍም። በዚያው በሦስተኛው ቀን እትዬን ሊጠይቅ ገብቶ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቅጽ አንስቶ አነበበና፣ "እትዬ፣ ከሆስፒታል መሰላል ወስዳችኋል እንዴ?" አለ። እኔ ነገሩን ሳስረዳው እሱ አልሰማኝም፤ ቅጹን እንደገና ነበር የሚያነበው። "እነሱ ያወጡት ማሽን ነው ትላለህ፤ ወረቀቱ ግን መሰላል ነው የሚለው። የሚጠይቁህም መሰላል ነው። ታዲያ መሰላል ስጣቸዋ! እኔ ጋ አለ" አለኝ። እትዬ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ሰዓቷን አየች፤ አሥር ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ቀጥላ እግሯን አየች። "ታክሲው ጣሪያ ላይ ይጭናል?" ብላ ጠየቀች።

ክቡር ሆይ፣ የዚያን ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት ከ50 ላይ ባለ ዘጠኝ እርከን፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር የሆነ፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተንጠባጠበበት የእንጨት መሰላል ለግምጃ ቤትዎ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛዎ መሰላሉን አየ፣ ቅጹን አየ፣ እኔን አየ፣ የግድግዳውን ሰዓት አየ። "ሲወጣ ዜሮ ነጥብ ሃያ ሁለት ነበር፣ ሲመለስ ሦስት ሜትር ሆኗል" አለ። እውነት ነው አልኩት። መመሪያውን ከመሳቢያው አውጥቶ ጣቱን ከመስመር መስመር እያሳለፈ አነበበና "ጉድለት ነው የሚያስጠይቀው፤ ትርፍ አያስጠይቅም" ብሎ ፈረመ። በአስተያየት መስጫው ላይም "በመልካም ይዞታ ተመልሷል፤ እድገት ታይቶበታል" ብሎ ጻፈበት። ይህ ሰው ምንም ጥፋት እንደሌለበት በአደባባይ እመሰክራለሁ። መመሪያዎን ቃል በቃል ፈጸመ፤ የሚመራው ሰው በሌለ ጊዜ ከዚህ የበለጠ ምን ይጠበቅበታል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምራታችን ሃያ ስድስት ቀንና ሃያ ስድስት ሌሊት ሳታቋርጥ አጉረመረመች። በየሦስት ቀኑ ስፖንጁን ለመቀየር ከሆስፒታሉ ሲስተሮች አንዷ ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤታችን ጎራ ትል ነበር። ማን እንደሆነች ሊያጣሩ ካሰቡ ምልክቷን እነግርዎታለሁ፤ ነጭ ገዋን ትለብሳለች፣ ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች፣ ደክሟታል። በሆስፒታሉ እንዲህ ያሉ አርባ ምናምን አሉ። እሷ የምትከተለውን የላስቲክ መስመር ዶክተሯ በነጋታው ታያለች፣ የክኒኑንም መጠን ታስተካክላለች። መስመሩ እንደገና ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። መዳፍ የነበረው የእንቁላል ያህል ሆነ፣ እንቁላሉ ወደ አዝራር ወረደ። እትዬ በየጊዜው ላስቲኩን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እያየች "እንዲህ ያለ ልክ አወሳሰድ እኔ ሱቅም የለ!" ትላለች። ባለፈው ሳምንት እኔን ሳትደገፍ ተመላላሽ ክፍል ቀረበች፤ ዶክተሯ አይታ "ምራትዎን ያሰናብቷት፣ የቀረው በሻሽ ይድናል" አለቻት። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም አጨበጨብን፤ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩትም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ።

እንግዲህ ሐቀኛ ዜጋ ምን ያደርጋል? የሰው ዕቃ ይመልሳል። ማሽኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ በሩ ላይ ተገኘሁ።

ስድስተኛው ምስጋናዬ ስለዚህ ነው። ጥበቃው መዝገቡን ገልጦ "ይኼ ዕቃ አልወጣም" አለኝ። ወጥቷል፣ እኔው ነኝ ያወጣሁት አልኩት። "ጋሼ፣ መዝገቡ ላይ የወጣ መሰላል ነው፤ እሱም ተመልሷል። ያልወጣ ዕቃ እንዴት ይመለሳል?" ግምጃ ቤቱ ጋ ስልክ ተደወለ። የቀድሞው ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ላይ ስለሆነ በቦታው ያለው ሰው መዝገቡን ተመልክቶ ማሽኑ እዚያው መደርደሪያ ላይ እንደሆነ፣ ስለዚህ በእጄ የያዝኩት እሱ ሊሆን እንደማይችል አረጋገጠ። አራት ቀን ሙሉ ሆስፒታሉን የራሱን ማሽን እንዲቀበለኝ ለመንኩ። በሕይወቴ ዕቃ ለመውሰድ የተለማመጥኩበት ጊዜ አለ፤ ለመመለስ ስለማመጥ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በእነዚያው ቀናት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ተኝቶ ነበር። ቅልጥሙ ላይ ያለው ቁስል የእትዬ ቁስል ወንድም ነው፤ የተቆጣ፣ ዳሩ ወይን ጠጅ የሆነ፣ ሁለት ጊዜ የተፋቀ። ክኒኑን ጨርሶ ዶክተሯ ማሽኑ እንዲገጠምለት አዝዛ ነበር። ከክፍልዎ የመጣው መልስ "ማሽኑ ግምጃ ቤት ይገኛል፤ በመፈለግ ላይ ነው" የሚል ነበር። ይህንንም በሐቅ ፈጽማችኋል፤ ሁለት ሠራተኞች ሁለት ቀን ሙሉ ፈልገዋል። የላይኞቹ መደርደሪያዎች ከፍ ያሉ ስለሆኑ ለመድረስ መሰላል እንዳስፈለጋቸውና አንድ ባለ ዘጠኝ እርከን፣ ሰማያዊና ነጭ የተንጠባጠበበት፣ ጠንካራ መሰላል እዚያው እንዳገኙ ሰምቻለሁ። ጎረቤታችን ይህን ሲሰማ በኩራት ለሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም።

ስለ ጎረቤታችን ካነሳን፣ መሰላሉን ሊወስድ መጥቶ ነበር። ንብረት ያለ ቅጽ አይወጣም ተባለና ቅጹ ተሞላለት። ቅጹ ከተረቀቀ ጀምሮ ለታለመለት ዕቃ ሲውል ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ይሁን እንጂ ከ11 ሰዓት በፊት መመለስ ስላለበት፣ ሰውዬው ይኸው በየቀኑ ጠዋት የገዛ መሰላሉን ፈርሞ እየወሰደ፣ ማታ ፈርሞ እየመለሰ ነው። አንድ ግድግዳ ጀምሮ የላይኛው ግማሽ ቀርቶበታል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ "በቃ፣ ሹፌሩ እግሩ እስኪያልቅ እናንተን ሲጠብቅ ሊኖር ነው?" ብላ ተነሳች። እኔን አላስከተለችኝም፤ በሩ ድረስ ብቻ ሸኘኋት። ማሽኑን እንደ ቀድሞው በትከሻዋ አንግታ የቱቦውን ጫፍ ካልሲዋ ውስጥ ወሸቀችው። ጥበቃው አያት፤ "እናቴ፣ እስካሁን አልለቀቀዎትም እንዴ?" አላት። "አልለቀቀኝም፣ ዛሬ ልገላገለው ነው" አለችው። ሰው ላይ የተሰካ ዕቃ እንዳይገባ የሚከለክል ነገር በመመሪያዎ ስለሌለ በክብር አሳለፋት። ሊፍቱ እንደተለመደው ተበላሽቷል። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አርባ ስድስት ደረጃ ነው፤ እትዬ ስለቆጠረችው አውቃለሁ። ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው ደረጃ ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹን ስድስት የድጋፉን ብረት ሳትይዝ እንደወጣች ሲስተሯ መስክራለች። በአርባ ምናምኖቹ መካከል ያለችው ሲስተር ማለቴ ነው።

ማሽኑ ተጸዳ፣ አዲስ ማጠራቀሚያ ተደረገለት፣ አዲስ ስፖንጅ በሹፌሩ ቁስል ልክ ተቆረጠ። እትዬ ስፖንጁ ሲቆረጥ ዝም ብላ ማየት አልሆነላትም፤ "ከዚህ ጋ ትንሽ ቀንሺው፣ ይጨማደድበታል" ብላ አስቀንሳለች፤ ልክ ነበረች። ማሽኑ ሲነሳ ሹፌሩ ጆሮውን ቀስሮ "ይኼ ድምፅ ያሳስበኛል፣ ሞተሩን ያየው ሰው አለ?" ሲል ጠየቀ። እትዬ "ምራቴ ናት፣ ተዋት ታጉረምርም። ዝም ስትል ነው የምትደነግጠው" አለችው። ይህን በሚያነቡበት ሰዓት ማሽኑ እየሠራ ነው። መዝገብዎ ግምጃ ቤት ነው ይላል፣ ሠራተኞችዎ አሁንም መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ እሱ ግን ከእርስዎ ቢሮ በላይ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ የአንድ ሰው እግር ላይ ነው። ፈልጌ ነው ያገኘሁት ቢሉ አልቃወምም።

እንግዲህ ልመናዬን አቀርባለሁ፤ ረዥም አይደለም። ከቅጽዎ ላይ "መሰላል" የሚለውን ሰርዘው ቦታውን ባዶ ይተዉት፤ ሠራተኛዎ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ አለው፣ የዕቃውን ስም ራሱ ይጽፈዋል። "ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ይመለሳል" ከሚለው ጎን ደግሞ "ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር" የሚሉ ሦስት ቃላት ይጨምሩ። እስክሪብቶው በሰንሰለት ስለታሰረ ሩቅ መሄድ አይጠበቅብዎትም። ዶክተሯ ሹፌሩን በሚመጣው ማክሰኞ ማሽኑን እንደያዘ ወደ ቤቱ ልትልከው አስባለች፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ ቁስሉ ወደ ውስጥ ይገባል ወይስ ወደ ውጭ ይወጣል የሚለው ብቻ ነው፤ እሱንም የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ለሰጡን ጊዜ፣ በተለይም ለወሰዱብን ጊዜ፣ ከቤተሰባችን ጋር ከመቀመጫችን ተነስተን፣ እትዬም በሁለቱም እግሯ ቆማ፣ እጅ እየነሳን፣ ለስብሰባዎም መልካም ዕረፍት እየተመኘን፣

የክፍልዎ የዘወትር ባለዕዳና የአንዲት ልብስ ሰፊ ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦
ለበር ጥበቃው፣ ከአክብሮት ጋር
ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ ከዓመት ፈቃዱ ሲመለስ
ለአርባ ምናምኖቹ ሲስተሮች፣ ለየብቻቸው
ለቀለም ቀቢው፣ መሰላሉን ሊመልስ ሲመጣ እዚያው ይሰጠው

ማሳሰቢያ፦ ሹፌሩ መሰላል የለውም፤ ጎረቤታችንም ሁለተኛ መሰላል የለውም። ስለዚህ ቅጹ እስከ ማክሰኞ ካልተስተካከለ፣ ሹፌሩ በ11 ሰዓት በማሽኑ ፋንታ በእጁ ያለውን ነገር ሊያስረክብዎ ወስኗል። ሃምሳ አራት መቀመጫ ያለው አውቶቡስ ነው። ርዝመት በሜትር፦ አሥራ ሁለት። የእርከን ብዛት፦ ሦስት፣ በፊት በር በኩል። የግምጃ ቤቱን በር አስቀድመው ቢያሰፉልን ደስ ይለናል።